ስም ማውጣት ሃይማኖት መጠበቅ አይደለም
የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ሃይማኖት የሚነሣ ክርክር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ነገሩን መመርመር ነው፤ ይኸውም የተነገረው ቃል ምን እንደ ሆነ፣ ከመጻሕፍት ጋራ መስማማቱን፣ ከአባቶች የተቀበልነው መሆኑን ወይም አዲስ የገባ መሆኑን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ግን ነገሩን ትቶ ለተናጋሪው ስም ማውጣት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ድካም አለበት፤ መጽሐፍ ማገላበጥን፣ መምህር መጠየቅን፣ የባለጋራን ቃል እስከ ፍጻሜው መስማትን ይሻል። ሁለተኛው ድካም የለበትም፤ አንድ ቃል ይበቃዋል። ስለዚህ በየዘመኑ ብዙ ሰው የሚሄደው በሁለተኛው ነው።

ዛሬም ይህ ልማድ አልቀረም። የአባቶችን ሥርዓት እንዳለ ልጠብቅ የሚለው ወገን «ወግ አጥባቂ»፣ «አክራሪ»፣ «ኋላ ቀር» ይባላል። ጥያቄ የሚጠይቀው ወገን ደግሞ ጥያቄው ሳይመረመር «መናፍቅ»፣ «ፀረ ማርያም» ተብሎ ይወጣል። በመንግሥትና በአገር ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የቀደመውን የሚወድ አንድ ስም፣ አዲሱን የሚወድ ሌላ ስም ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ይህ ነገር ለነፍስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማሳየት በዘመኗ ብዙ ስም የወጣላትን፣ ነገር ግን በወጣላት ስም ያልተለወጠችውን የእናታችንን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ ወደድን።

ትውልዷና ጋብቻዋ

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ እናቷም ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ሁለቱም ከታላላቅ ሰዎች ወገን ነበሩ። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ ከዐፄ ሱስንዮስ ባለሟሎችና የጦር አለቆች አንዱ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉባት። ከዚያ ወዲህ ልቧ ከዚህ ዓለም ተለየ፤ ጾምንና ጸሎትን፣ ለድሆች መመጽወትን አበዛች፤ ምንኩስናንም ተመኘች።

የገድሏ ጸሐፊ በዓለም ሳለች ከባሏ ጋራ የነበረችበትን አገር ሲያነሣ ስማዳን ይጠቅሳል። ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምእመናን ስለ እርስዋ ሲሰሙ የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰላቸው። ከደጋው እስከ ጣና ዳር ያለው መንገድ እናታችን የቤቷን ምቾት ትታ ወደ ምናኔ የተጓዘችበት መንገድ ነው።

የዘመኑ ጠብ

ዘመኑ የክርክር ዘመን ነበረ። በ1595 ዓ.ም. የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ወደ አገራችን ገባ። ይህ ሰው የተማረ፣ ግዕዝንና አማርኛን ያጠና፣ ጠባዩም ለዘብ ያለ ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርገው ከነገሡ በኋላ ወደ ሮም ሃይማኖት እያዘነበሉ ሄዱ። ከውጭ መንግሥት የጦር ርዳታ ማግኘትም ከፈቃዳቸው ጋራ ተደባልቆ ነበር፤ የእምነት ነገርና የመንግሥት ነገር በአንድ ገመድ ተገመዱ ማለት ነው።

በዚያ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የወጣውን ስም እንመልከት። የሮም መምህራን ቤተ ክርስቲያናችንን «የአውጣኪ ወገን» አሏት። አውጣኪ ግን የክርስቶስ ሥጋ በመለኮቱ ተውጧል ያለ መናፍቅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ትናንትም ዛሬም የምታወግዘው ነው። እኛ የምናምነው መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት በተዋሕዶ አንድ መሆናቸውን ነው። በ444 ዓ.ም. በኬልቄዶን የተደረገውን ጉባኤ አንቀበልም ማለታችን አውጣኪን ተቀበልን ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ የቅዱስ ቄርሎስንና የቅዱስ ዲዮስቆሮስን ትምህርት ማን ገልጦ ይይ? ሰንበተ አይሁድንም ስለምናከብርና ስለምንገረዝ ደግሞ «አይሁዳውያን» ተባልን።

ከእኛም ወገን ፈረንጆቹ «ንስጥሮሳውያን» ተባሉ፤ ሃይማኖታቸውም በኬልቄዶን ጉባኤ ደብዳቤው በተነበበው በሮማው ሊቀ ጳጳስ በልዮን ስም «የልዮን ሃይማኖት» ተባለ። እውነት ለመናገር የሮም ቤተ ክርስቲያንም ንስጥሮስን ታወግዛለች። ስለ ሁለት ባሕርይ ያላቸው ትምህርት ከተዋሕዶ ጋራ የማይስማማ መሆኑን መጻሕፍት ገልጦ ማስረዳት ይቻላል፤ ይገባልም። ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ መጥራት ግን ለተዋሕዶ ምንም አይጨምርላትም። ሐሰት ለእውነት ምሰሶ ሆና አታውቅምና።

በዚህ ላይ የዐፄ ገላውዴዎስን ሥራ ማስታወስ ይገባል። እኒህ ንጉሥ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አስቀድሞ በ1547 ዓ.ም. ከሮም የመጡ መምህራን ኢትዮጵያውያንን በአይሁዳዊነት በከሰሱ ጊዜ ስድብን በስድብ አልመለሱም። ሃይማኖታቸውን በጽሑፍ ገለጡ፤ ሰንበትን የምናከብረው እንደ አይሁድ ሳይሆን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንደ ሠሩልን መሆኑን፣ ግዝረትም የአገር ልማድ እንጂ ለመዳን የሚታመንበት ሕግ አለመሆኑን፣ የእሪያም ሥጋ አለመብላት እንዲሁ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዱ። ስሙን ሳይቀበሉ፣ ሌላ ስም ሳያወጡ፣ ነገሩን ብቻ መለሱ። ጽሑፋቸው እስከ ዛሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ሲመረመርና ሲከበር የሚኖረው ስለዚህ ነው።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ግን እንዲህ ያለው ትዕግሥት ጠፋ። በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስና ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ስለ ቀደመው ሃይማኖት በተነሡበት ጦርነት ሁለቱም ሞቱ። ጳጳሱ የወደቁት በጦር ሜዳ ላይ ነው። ነገር በስም ይጀምራል፤ በደም ይፈጸማል።

ከዓለም መለየቷ

መልክአ ክርስቶስ በዚህ ጦርነት ከንጉሡ ወገን ነበረ። እርሱ በዘመተ ጊዜ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ቤቷን ትታ መነኮሳት እየመሯት ወደ ጣና ገዳማት ሄደች። በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ 25 ዓመት ያህል ነበረ። ባሏም በተመለሰ ጊዜ ፈለጋት፤ ስለ እርስዋም አንድ ከተማ አጠፋ። ድሆች በእርስዋ ምክንያት እንዳይጎዱ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይህን ልብ እንበል፤ ሃይማኖቷን የምትጠብቅ ሴት ናት፣ ነገር ግን ሃይማኖት መጠበቅ የባልንጀራን ሥቃይ አለማየት አልሆነባትም።

ኋላ ግን የተገደሉት የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ እጅ መገኘቱን ዐወቀች። ከዚያ ወዲህ ከእርሱ ጋራ መኖር አልቻለችም። ጠጕሯን ተላጭታ፣ ጌጧን ጥላ፣ ፈጽማ ወጣች፤ መነኰሰችም። በዚህም ጊዜ ከእኅተ ክርስቶስ ጋራ ተገናኘች፤ እርስዋም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ባሏንና ቤቷን የተወች ሴት ነበረች። ሁለቱ እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም።

በንጉሡ ፊት

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ ፓትርያርክ ተብሎ የተላከው አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. ገባ፤ በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ሊቀ ጳጳስ ለመታዘዝ በአደባባይ ማሉ። ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ለዘብተኛ አልነበረም። ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ምእመናኑ እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ የበዓላቱና የአጽዋማቱ ሥርዓት በሮም እንዲተካ አዘዘ።

አንባቢ ሆይ፣ የስም ማውጣትን ፍሬ እዚህ ላይ ተመልከት። «መናፍቅ» የሚለው ቃል በአፍ ላይ ሳለ ቀላል ይመስላል። ወደ ሕግ በተለወጠ ጊዜ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የተጠመቀ ሕዝብ እንዳልተጠመቀ ተቈጠረ፤ ሲቀድስ ያረጀ ካህን እንዳልተካነ ተቈጠረ። ሕዝቡን ያስቈጣው የባሕርይ ክርክር ብቻ አልነበረም። አባቶቹና እናቶቹ ክርስቲያን አልነበሩም መባሉ ነው።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በየቦታው እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ፣ ሃይማኖቱን የለወጠውንም ንጉሥ ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ታስተምር ነበር። ስለዚህ ተከስሳ በንጉሡ አደባባይ ቀረበች። ክሱ ስለ ሃይማኖት መሆኑ ቀርቶ ስለ መንግሥት ሆነ፤ እርስዋም «ዐመፀኛ» ተባለች። ይህ ከጥንት የነበረ ስልት ነው። ጌታችንን የከሰሱት ሰዎች በራሳቸው ሸንጎ ያቀረቡት ክስ ስለ ሃይማኖት ነበረ፤ በጲላጦስ ፊት በደረሱ ጊዜ ግን ክሱን በቄሣር ላይ ወደ ማመፅ ለወጡት። በዚህ ጊዜ ግን ንጉሡ ሊገድሏት ሲያስቡ የቀድሞ ባሏ መልክአ ክርስቶስ ምክር ሰጥቶ ከሞት አዳናት።

ከዚያም ወደ ዋልድባ ሄደች፤ በዚያም ጌታችን ሰባት ማኅበራትን እንደምትመራ በራእይ እንደ ነገራት ገድሏ ይተርካል። ማስተማሯን ስላልተወች ዳግመኛ ተይዛ ወደ ንጉሡ ተመለሰች። አሁን ግን ከመግደል ይልቅ ማስለወጥ ተመረጠ፤ ፓትርያርኩ ሜንዴዝ ራሱ በየቅዳሜው አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያስተምራት ተደረገ። በፖርቱጋል ታላላቅ ትምህርት ቤቶች የተማረ ሊቅ በአንድ ወገን፣ በሌላው ወገን ጠጕሯን የተላጨች አንዲት መነኵሲት። በዓመቱ መጨረሻ እርስዋ እንደ ነበረች ነበረች። ያጸናት የሰማችው ስድብ አይደለም፤ የተማረችው ትምህርት ነው። የሚያምነውን የማያውቅ ሰው የሚያሸንፈው ስድብ በመሳደብ ብቻ ነው፤ እርስዋ ግን የምታምነውን ታውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ በምዕራብ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ዠበይ ተሰዳ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። በግዞቷም ሳለች ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎች ወደ እርስዋ ተሰበሰቡ፤ ከሰባቱ ማኅበራት የመጀመሪያው እዚያው ተመሠረተ። ተከትለውም የጫንቋ፣ የምጽሌ፣ የዘጌ፣ የዳምቦዛ፣ የአፈር ፈረስና የዛምቦል ማኅበራት ተተከሉ።

ከወገን የመጣ ስም

እስከ አሁን የተናገርነው ከባላጋራ ስለ መጣ ስም ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከወገን የሚመጣው ነው። ወንዶችም ሴቶችም መነኮሳት በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ከተዋሕዶ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ቅናት አደረባቸው። ሴት ስለ ሆነች እንዴት ታስተምራለች፣ እንዴትስ ማኅበር ትመራለች እያሉ፣ የሐዋርያው የጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ነቀፏት። እኒህ ሰዎች ፈረንጆች አልነበሩም፤ ስለ ሃይማኖት አብረዋት የተሰደዱ ወንድሞች እንጂ።

በዚያ ጊዜ የመለሰላቸው አባ ፈትለ ሥላሴ ነው። ይህ ሊቅ እግዚአብሔር እርስዋን ያስነሣት እኛ ስለ ደከምን ለተግሣጻችን ሊሆን ይችላልና እጃችሁን ከእርስዋ አንሡ ብሎ በገማልያል ምሳሌ ዝም አሰኛቸው። ገማልያል በሐዋርያት ላይ ለተነሣው ሸንጎ ነገሩ ከሰው ከሆነ ራሱ እንደሚጠፋ፣ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ማንም እንደማያጠፋው የመከረ የኦሪት መምህር ነው። አባ ፈትለ ሥላሴ ለነቃፊዎቹም ሌላ ስም አላወጣላቸውም። ሥራዋን ተመልከቱ አለ፤ ነገሩም በዚያ ዐረፈ።

የሃይማኖት መመለስና ዕረፍቷ

የዐፄ ሱስንዮስ መንግሥት በዐመፅ ተናወጠ። የጋይንት ጎረቤት በሆነችው በላስታ የተነሡት ሰዎች ወደ በጌምድር እየወረዱ ተዋጉ። በ1624 ዓ.ም. ሰኔ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በሜዳው ላይ የወደቁት ግን 8,000 ያህል ነበሩ፤ የሚበዙትም የአገሪቱ ገበሬዎች ናቸው። ከዚህ እልቂት በኋላ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ንጉሡ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ አስተላለፉ። በ1625 ዓ.ም. መስከረም ዐረፉ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከድል በኋላ ሹመት አልፈለገችም፤ ተበቃይም አልሆነችም። ማኅበሯን ስትጠብቅ፣ እህል ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ የታመሙትን ስታስታምም ኖረች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስ በእርስዋ ተተካች። ከጣና ምሥራቅ ዳር ባለው በቆራጣ ገዳሟ ተተከለ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ርስት ሰጡ። ያ ቦታ የሚሸሽ ሰው ሁሉ የሚጠጋበት መማፀኛ ሆነ። ከዕረፍቷ 30 ዓመት ያህል በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ከሚያውቋት ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ገድሏ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሟል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሮምን በአንድነት የተቋቋሙት ወገኖች የውጭው ጠብ ካለፈ በኋላ እርስ በርሳቸው ተለያዩ። ስለ ክርስቶስ መቀባት የተነሣው ጥያቄ ራሱ ከኢየሱሳውያን ጋራ በተደረገው ክርክር ውስጥ የበቀለ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ «ቅባት»፣ «ጸጋ»፣ «ካራ» እየተባባሉ ኖሩ። «ካራ» የተባሉት የተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ስሙን ያወጡት ተቃዋሚዎቻቸው ሦስተኛውን ልደት ቈረጡ ብለው ነው። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ ሃይማኖት እስኪወሰን ድረስ በዚህ ምክንያት ስንት ማኅበር ፈረሰ፣ ስንት መምህር ተሰደደ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን መናፍቅን መናፍቅ አትልምን? ትላለች። አርዮስን፣ ንስጥሮስን፣ አውጣኪን ለይታ አውግዛለች። ነገር ግን ውግዘትና ስድብ አንድ አይደሉም። ውግዘት የሚሰጠው በጉባኤ ነው፤ ቃሉ ተነብቦ፣ ሰውየው ተጠይቆ፣ እንዲመለስ ዕድል ተሰጥቶት፣ እንቢ ካለ በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ መናፍቅ የሆነውን ሰው አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ከመከሩት በኋላ እንዲርቁት አዘዘ፤ ለጢሞቴዎስም በቄስ ላይ የሚቀርበውን ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል ጻፈ። ስድብ ግን ጉባኤ የለው፣ ምስክር የለው፣ ምክር የለው፤ በገበያም፣ በድግስም፣ በየመንገዱም ይፈርዳል። ጌታችንም ወንድሙን የሚሳደብ ሰው ምን ፍርድ እንደሚጠብቀው በተራራው ስብከት ተናግሯል።

ይህን ሥርዓት ከአገራችን ጉባኤ ቤቶች መማር እንችላለን። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ለማስመስከር የመጣ ተማሪ በመምህሩ ፊት ሲዘልቅ ዜማው ቢስት መምህሩ ሰነፍ ብሎ አያሰናብተውም፤ የሳተበትን ምልክት ለይቶ ያሳየዋል፤ ተማሪው ያንን ያርማል፤ እንደ ገና ይዘልቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይህን ያህል ዘመን ሳይጠፋ የደረሰን በእንዲህ ያለ እርማት ነው። የዜማን ስሕተት በምልክቱ ለይቶ የሚያርም ካህን የሃይማኖትን ጥያቄ በስድብ ቢመልስ እንዴት ይገባል?

ሌላም ትምህርት አለ። «ወግ አጥባቂ» መባል በራሱ ነቀፋም አይደለም፤ ምስጋናም አይደለም። ቤተ ልሔም ድጓውን በመጠበቋ ትመሰገናለች። ፈሪሳውያን ግን ወግ ጠብቀው ፍርድንና ምሕረትን በመተዋቸው ተነቀፉ። እንዲሁም አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የአባቶችን ሃይማኖት ጠበቀች፣ ነገር ግን በሴት የሚመራ ማኅበር ለብዙዎች አዲስ ነበረ። የዘመኗ ሰዎች የፈለጉትን ስም ቢያወጡላት ከሁለቱ በአንዱ ልትገባላቸው አትችልም ነበር። መጠየቅ ያለበት የሚጠበቀው ምንድን ነው፣ የሚለወጠውስ ምንድን ነው የሚለው ነው።

በስም የተጣሉ ሰዎች ስሙን ትተው ነገሩን ሲመለከቱ ምን እንደሚገኝም አይተናል። «ሞኖፊሲት» እየተባሉ ለብዙ ዘመናት የተነቀፉት የምሥራቅ አኃት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ኬልቄዶንን ከሚቀበሉት የግሪክና የሌሎች ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት ጋራ የተደረገው ውይይት እየጠነከረ ሄደ፤ በ1981 እና በ1983 ዓ.ም. በወጡት የስምምነት ጽሑፎች ሁለቱም ወገን አውጣኪንም ንስጥሮስንም እንደሚያወግዙ ተመሰከረ። ፍጹም አንድነት ገና ነው። ነገር ግን 1,500 ዓመት ያህል የቆየ ስም እውነት አለመሆኑ በጽሑፍ ሰፈረ።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፣ በዐውደ ምሕረት ስንቆም ስሕተትን በስሙ እንጥራ፤ ሰውን ግን በክርስትና ስሙ እንጥራ። ምእመናን ሆይ፣ አንድ ሰው እገሌ እንዲህ ነው ቢላችሁ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ወሬውን አታሳልፉት። ስም ሲወጣባችሁም ቅዱስ ጳውሎስን አስቡ፤ ጠርጠሉስ በፊልክስ ፊት የናዝራውያን ወገን መሪ ብሎ በከሰሰው ጊዜ ስድቡን አልመለሰም፤ የሚያምነውን በትሕትና ገለጠ። በአንጾኪያ ክርስቲያን የተባሉትም ስሙን በኑሯቸው አከበሩት።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከሳሾች ያወጡላት ስም ዛሬ ከመጽሐፍ በቀር የሚያስታውሰው የለም። የተጠመቀችበት ስም ግን በቆራጣ በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ሲጠራ ይኖራል። ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋራ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።